ሳይመረምሩ «ዋግ ነው፣ ርጩበት» ማለት ይብቃ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሞጣ ልጆች ቲማቲም አራት መስመር ብጽፍ አንድ ሰው ከሥሩ «በዲፕሎማህ ነው ስለ ቫይረስ የምታስተምረን? ለባለሙያ ተውለት» ብሎ አስተያየት ሰጠኝ። ብዙ ሰው ሳቀበት፤ እውነት ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ዲፕሎማዬን አልደብቅም፤ ቢቸና ላይ ልጆቻችሁን ባዮሎጂ የማስተምረው በእሷው ነው። ግን ወንድሜ፣ ለባለሙያ ትተንለት ነበር እኮ! ቅጠሉን አይቶ የመረመረ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞጣ ዳር አምስት ወጣቶች ተደራጅተው፣ ብድር ወስደው፣ ላስቲክ ቤት ሠሩ፤ ግሪን ሃውስ የምንለውን። ከአምስቱ ሁለቱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሐሳባቸው የሚናቅ አልነበረም። ክረምት ላይ ሜዳ ያለ ቲማቲም በዝናቡ ይበሰብሳል፣ ከገበያ ይጠፋል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ላስቲክ ሥር ያለውን ግን ዝናብ አያገኘውም። «ለመስቀል ገበያ እናደርሳለን» ብለው ሰኔ ላይ ተከሉ።

ጳጉሜን ላይ አንደኛዋ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ቅጠሉ እየጠበበ፣ እየተጨማደደ ነው። ሰዉ ሁሉ የየራሱን ይላል። እስቲ መጥተው ይዩልን» አለች። ቅዳሜ በጠዋት ከቢቸና ተነሥቼ ሞጣ ሄድኩ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ቀድሞ የታመመው በሩ አጠገብ ያለው መደብ ነው። ቅጠሉ አንድ ወጥ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ደመቅ ፈዘዝ እያለ ተዥጎርጉሯል። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል እንደ ክር ቀጥኗል። ፍሬው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ አንዳንዱ ላይም ቡናማ ሽብሽብ ያለ ጠባሳ ወጥቷል። ልጆቹ በየቀኑ ከበሩ ጀምረው በመደብ በመደብ እየሄዱ ቅርንጫፍ በእጃቸው ይቀነጥባሉ፣ ግንዱን በሲባጎ ያስራሉ። አንዱን ተክል ነቅነቅ ሳደርገው ነጫጭ ጥቃቅን ዝንቦች ብን ብለው ተነሡ። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ወደ ጎረቤት የጤፍ ማሳ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙልኝ፦ እጅ፣ ዝንብ፣ የጤፍ ማሳ። እመለስባቸዋለሁ።

ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የታመመ ቅርንጫፍ በፌስታል ቋጥረው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሰው ፌስታሉን እንኳ ሳይፈታ «ዋግ ነው፣ ርጩበት» አላቸው። ከዚያ የመድኃኒት ሱቅ ገብተው የሻጋታ መድኃኒት ገዙ። ሦስት ጊዜ ረጩ። የራሳቸው መርጫ ስላልነበራቸው ከጎረቤት ተዋሱ። ያ መርጫ ክረምቱን ሙሉ ጤፍ ላይ ቱፎርዲ ሲረጭበት የከረመ ነው።

መስቀል ሲደርስ ከላስቲክ ቤቱ የወጣው የቲማቲም ሣጥን ሳይሆን የደረቀ አገዳ ሸክም ነበር። ሁሉንም ነቅለው ጣሉት። ብድሩ ግን አልተነቀለም።

አሁን ልጅቷ የምትጠይቀኝ ሌላ ነው። «ቲቸር፣ ጥር ላይ እንደገና እንትከል ወይስ ይቅርብን?» ትለኛለች። ምን ልበላት? የመጀመሪያውን የገደለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለተኛውን ምን እንደሚያድነው ማን ይነግራታል? እኔን ያናደደኝ ቲማቲሙ መሞቱ አይደለም። የገበሬ ልጆች ነን፤ ሰብል ሲሞት ስናይ ነው ያደግነው። ያናደደኝ ምን ገደለው ብሎ የጠየቀ አንድም የመንግሥት ወንበር አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ልመለስ።

አንደኛው እጅ ነው። ቶባሞ የሚባሉ የቫይረስ ወገኖች አሉ። እነዚህ ነፍሳት አያስፈልጋቸውም። የታመመውን ቅጠል የነካ እጅ፣ የቆረጠበት ምላጭ፣ ያሰረበት ሲባጎ፣ የተደገፈው ልብስ ይበቃቸዋል። በደረቀ አገዳና በሲባጎ ላይ ለወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ። በዘርም ይሄዳሉ። ላስቲክ ቤት ደግሞ ተክል ሁሉ በየቀኑ በእጅ የሚነካበት፣ የተጠጋጋና ሙቀት ያለው ቦታ ነው። በር አጠገብ አንድ ተክል ከታመመ፣ እጅ በሄደበት መሥመር ሁሉ ይከተላል።

ሁለተኛው ዝንብ ነው። ነጭ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ቅጠሉን አቢጭቶ ወደ ላይ የሚጠቀልል ሌላ ቫይረስ አለ። ይሄ በአገራችን የቲማቲም አካባቢዎች ከታወቀ ቆይቷል።

ሦስተኛው በሽታም አይደለም። የጤፍ ማሳው ነው። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊ አረምን ገድሎ ጤፍንና ስንዴን የሚተው መድኃኒት ነው። ቲማቲም ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው፤ ያውም ለቱፎርዲ በጣም ስስ ከሆኑት ውስጥ። ነፋስ ያመጣት ትንሽ ብናኝ ወይም መርጫ ውስጥ የቀረች ጠብታ ቅጠሉን ታጠብበዋለች፣ ታጣምመዋለች። እነማይ ላይ ክረምት ቱፎርዲ የማይሸተትበት መንደር የትኛው ነው? እስቲ ንገሩኝ።

እንግዲህ አስቡት። ከሩቅ ሲያዩት ሦስቱም ቅጠል ያበላሻሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። እጅ ከሆነ የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል፣ እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ምላጭና ካስማውን በበረኪና ማጠብ፣ ሲባጎውን መጣል ነው። ዝንብ ከሆነ በርና መስኮቱን በጥቅጥቅ መረብ መዝጋት ነው። ቱፎርዲ ከሆነ መርጫ መለየትና ከጎረቤት ጋር መነጋገር ነው። ዋግ የሚባለው ግን ሻጋታ ነው፤ የሻጋታ መድኃኒት ከሦስቱ አንዱንም አይነካም። ልጆቹ ገንዘባቸውን ለማይሠራ ነገር አወጡ፣ በዚያ ላይ በተዋሱት መርጫ ምናልባት መርዙን በገዛ እጃቸው አስገቡት። «ርጩበት» የምትለው ቃል ቀላል ትመስላለች፤ ሦስት ዙር የመድኃኒት ዋጋና አንድ ክረምት አስከፍላለች።

«ታዲያ አንተ የትኛው ነው ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ በዓይኔ አልፈርድም። የምከራከረው ለዚሁ ነው። የፍሬው ቡናማ ሽብሽብ እጅን ያስጠረጥረኛል፤ ጥርጣሬ ግን ፍርድ አይሆንም።

ለምን ያስጠረጥረኛል? እ.ኤ.አ. በ2014 መገባደጃ ደቡብ እስራኤል፣ በ2015 ጸደይ ደግሞ ዮርዳኖስ ውስጥ፣ ከቶባሞ ወገን የሆነ አዲስ ቫይረስ ተሸፍኖ በሚለማ ቲማቲም ላይ ታየ። ፍሬውን ቡናማ አድርጎ ስለሚያጨማድደው «ቶማቶ ብራውን ሩጎስ ፍሩት ቫይረስ» ተባለ። እኔ «ቡናማ አጨማዳጁ» ልበለው። የበላውን ሰው አይጎዳም፤ የሚጎዳው የተከለውን ሰው ኪስ ነው። ቲማቲም አራቢዎች ከሃምሳ ዓመት ለበለጠ ጊዜ የዚህን ወገን ቫይረሶች በአንድ የመከላከያ ዘረ መል ሲያስቆሙ ኖረዋል። ቡናማ አጨማዳጁ ያንን አጥር ዘሎ ገባ። በ2018 ጀርመንና ካሊፎርኒያ፣ በ2019 እንግሊዝና ቻይና ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው በ2019 ከኅዳር ጀምሮ የሚሠራ አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ፤ የቲማቲምና የቃሪያ ዘርና ችግኝ ሳይመረመር ድንበር እንዳይሻገር ከለከለ። እነዚያ አገሮች ለአንድ የቲማቲም በሽታ እንዲህ የተሯሯጡት ሥራ ስለፈቱ አይደለም። አንዴ ላስቲክ ቤት ከገባ የሚገድለው መድኃኒት እንደሌለ ስላወቁ ነው። ቶሎ ያገኘው ሰው ጥቂት ተክል ነቅሎ ይተርፋል፤ ዘግይቶ ያገኘው ሙሉ ቤት ይነቅላል።

አንድ ወዳጄ ቢቸና ላይ ሻይ እየጠጣን «እሱ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እዚህ የለም» አለኝ። እኔም «ማን ፈልጎ አጣው?» አልኩት። ከሞጣ ያ ፌስታል የትኛውም ላብራቶሪ አልደረሰም። ከቢቸናም እኔ በማውቀው ዕድሜ አንድ የቲማቲም ቅጠል ለምርመራ ሲላክ አላየሁም። ያልተፈለገ ነገር አይገኝም፤ ያልተገኘውንም «የለም» ብሎ ሪፖርት ማድረግ ቀላል ነው። ዘሩ ግን ይመጣል። ከተከፈተ ቆርቆሮ በሲኒ እየተሰፈረ፣ የየት አገር እንደሆነ፣ መቼ እንደታሸገ ሳይታወቅ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ወረቀት ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም፣ ገዢውም አያውቅም።

ሕግ ግን አለን። የዕፅዋት ኳራንታይን ደንብ ቁጥር 4/1985 ዕድሜው ከብዙ ተማሪዎቼ ይበልጣል። ሕጉ ድንበርና አየር ማረፊያ ላይ ቆሞ ቀረ እንጂ ሞጣ አልደረሰም።

ከዚህ በፊት አልደረሰብንም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ኬንያ፣ ቦሜት አካባቢ በቆሎ በቁሙ መድረቅ ጀመረ። ሁለት ቫይረሶች ተባብረው ነበር፤ አንዱ ነባር፣ አንዱ አዲስ። ቀድሞ ያየው ገበሬው ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2014፣ በሽታው እኛ አገር መግባቱ ተረጋገጠ። ኬንያዎች በ2013 ናይቫሻ ላይ የበቆሎ ዝርያዎችን ለዚሁ በሽታ የሚፈትሹበት ጣቢያ ከፍተው ነበር። እኛ ጎጃሞች በበቆሎ የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ቫይረስ ቪዛ እንደማይጠይቅ ያን ጊዜ ልንማር ይገባን ነበር።

አሁን ደግሞ «ለአምስት ልጆች ቲማቲም ላብራቶሪ ይከፈት ነው የምትለው?» ትሉኛላችሁ። አልልም። ምርመራ ሲባል ነጭ ካፖርትና የሚሊዮን ብር ማሽን ብቻ አይታያችሁ። ጤና ኬላ ላይ የወባ ፈጣን ምርመራ አይታችሁ የለም? አንድ ጠብታ ደም፣ አንዲት ቁራጭ፣ ጥቂት ደቂቃ። ለቶባሞ ቫይረስም እንደዚያው ያለ ቁራጭ አለ፤ ቅጠል ጨቅጭቆ ጭማቂው ውስጥ መንከር ነው። እርግጥ ቁራጩ አንዱን የቶባሞ ዘመድ ከሌላው ላይለይ ይችላል። ለይቶ የሚናገረው ፒሲአር ነው፤ ያ በኮቪድ ጊዜ እስኪሰለቸን የሰማነው ስም። ግን ቁራጩ «እጅ ነው» ወይም «እጅ አይደለም» ማለቱ ብቻ የነዚያን ልጆች ጥር ይወስን ነበር።

ቦታውም ሩቅ አይደለም። ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱ ሁሉ አዴትን ታልፋላችሁ። እዚያ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ መንገዱ ላይ! ከአቅሙ በላይ ከሆነ አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ፣ ሆለታ የባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከላት አሉ። ተመራማሪዎች አሉን፤ አክብሮቴ ትልቅ ነው። የጎደለው ከልጆቹ ፌስታል እስከ አዴት ያለው መንገድ ነው። ቅጠሉን ማን ይቀበላል? በምን ይልከዋል? ውጤቱስ በስንት ቀን፣ ለማን ይመለሳል? ለብድሩ ቅጽ ነበረ፣ ማኅተም ነበረ፣ የምረቃ ፎቶም ነበረ። ለታመመ ቅጠል ግን አንዲት ቅጽ የለችም።

«መንገዱ ራሱ አንዳንድ ቀን ዝግ ነው» ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። መንገድ በሚዘጋበት አገር ደግሞ ሞጣ ላይና ቢቸና ላይ የምትቀመጥ ቁራጭ ይበልጥ ታስፈልጋለች፤ ከአዴት መልስ መጠበቅ በማይቻልበት ቀን የምትሠራው እሷ ናት።

የዲፕሎማውንም ነገር ልጨርሰው። በየቀበሌው ያለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አብዛኛው ዲፕሎማ ነው ያለው። ለመመርመሪያ ቁራጭ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ የአንድ ቀን ሥልጠናና ወደ ማሳው የሚወርድ እግር ይበቃል። ቫይረስ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጠረጠረውም የሰው በሽታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1892፣ ከዓድዋ አራት ዓመት በፊት፣ ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ሸክላ አጥልሎ ጤነኛውን ቢነካበት ታመመ። ያ የትምባሆ ቫይረስ የቡናማ አጨማዳጁ የቅርብ ዘመድ ነው። በ1929 ደግሞ ሆምስ የተባለ አሜሪካዊ ጭማቂውን አንድ የትምባሆ ዓይነት ቅጠል ላይ አሽቶ፣ በጥቂት ቀን የሚወጡትን ነጠብጣቦች እየቆጠረ መጠኑን ለካ። ቅጠል፣ እጅ፣ ትዕግሥት፤ ሌላ ምን ነበረው?

እኛ መምህራንም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ከራሴ ልጀምር። ስንት ዓመት «ቫይረስ ከሕያው ሴል ውጭ አይራባም» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አስገልብጬ፣ ፈተና ላይ አውጥቻለሁ። ያቺ ልጅም ያኔ በትክክል መልሳለች። ግን አንድም ቀን ከግቢው አውጥቼ የታመመ ቅጠል አላሳየኋትም። ፈተናውን ያለፈች ልጅ ማሳዋ ላይ ቫይረስ ሲጠረጠር የሻጋታ መድኃኒት ከገዛች፣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው?

እንግዲህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

1. ወረዳዎች ሆይ፣ በየወሩ ለማይነበብ ሪፖርት ከምታወጡት ወረቀት አንድ ገጽ ለታመመ ቅጠል መድቡ። የሚቀበል አንድ ሰው ይሰየም። ፌስታሉን የሚፈታ ይሁን።

2. ለላስቲክ ቤት ብድር የምትሰጡ፣ ከብድሩ ላይ ለምርመራና ለንጽሕና የምትሆን ትንሽ ድርሻ ለዩ። በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ የሌለው ላስቲክ ቤት አልተጠናቀቀም በሉ።

3. ዘር ሻጮች፣ የታሸገውን በእሽጉ፣ ከነቁጥሩ፣ በደረሰኝ ሽጡ። ከቆርቆሮ በሲኒ የምትሰፍሩትን ተዉ። ገዢዎችም እሽጉን አትጣሉ፤ በሽታ ቢመጣ ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው።

4. ላስቲክ ቤት ያላችሁ ልጆች፣ በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱን መደብ እየዞራችሁ እዩ፤ ያያችሁትን በደብተር ጻፉ። ሥራ ከጤነኛው ጀምራችሁ በተጠረጠረው ጨርሱ። እጅ በሳሙና ታጠቡ። ስብ የወጣለት የዱቄት ወተት በውሃ በጥብጦ እጅን እየነከሩ መሥራትም የቶባሞን መተላለፍ ይቀንሳል። የቱፎርዲ መርጫ ደጃፋችሁ አይድረስ። የተጠረጠረውን ለከብት አትስጡ፣ ወንዝ ዳር አትጣሉ፤ አቃጥሉት።

5. ቅጠል ስትልኩ ከታመመው ለጋውን፣ ለማነጻጸሪያም ከጤነኛው ለዩና በየራሱ ከረጢት አድርጉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘሩን ስም፣ ምን እንደረጫችሁ ጻፉበት። ፀሐይ አይንካው፤ በቀዝቃዛ ነገር ይሂድ። ደርቆና በስብሶ ከደረሰ ማንም አያነበውም።

6. የባዮሎጂ መምህራን ጓደኞቼ፣ ክበቦቻችንን ከግድግዳ ጋዜጣ እናውጣቸው። እኔ በሚቀጥለው ወር የክበቤን ልጆች ይዤ ቢቸና ዙሪያ ያሉ የቲማቲም መደቦችን ልንዞር ነው። ከፈቃደኛ ባለማሳዎች ቅጠል ሰብስበን፣ በመልክ ለይተን፣ ጥርጣሬ ያለውን አዴት የማደርሰው ራሴ ነኝ። የሞጣ መምህራንስ?

ለዚያ «ለባለሙያ ተውለት» ላልከኝ ወንድሜ፦ አልተቀየምኩህም። ባለሙያ ከሆንክ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ቁጥርህን በውስጥ መስመር ላክልኝና አብረን ሞጣ እንሂድ። የልጆቹ አሮጌ ሲባጎና ካስማ አሁንም ላስቲክ ቤቱ ጥግ ተቆልሎ ነው ያለው። እስክንመጣ እንዳይነኩት ነግሬያቸዋለሁ። ጥር ከመድረሱ በፊት መልስ ይፈልጋሉ።

የታመመ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ያያችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ የት ቀበሌ እንደሆነና መቼ እንደጀመረ አትርሱ። ፎቶም ላኩ፤ ፎቶ ግን ምርመራ አይደለምና በፎቶ ተነሥቼ «ይሄ ነው» አልላችሁም። ለሚመለከተው እንዲደርስ ሼር አድርጉት። የማይስማማ ካለም እዚሁ ከሥር ይከራከረኝ፤ አስተያየት አላጠፋም።